ኮረሪማ ምን ትበላለች?

ያን ቅዳሜ የዘሀራ እግር አላርፍ ብሏል። ሾላ ገበያ ጀርባ ባለው ግቢዋ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል፤ ወሩ ጥር ስለሆነ የሰርግ ትዕዛዝ ተደራርቧል። እሷ ግን አንዴ አማስላ ወደ ጓዳ ትሮጣለች፣ ከጓዳ ወጥታ ድስቱ ጋ ትመለሳለች፣ ማማሰያውን ሳታነሣ እንደገና ጓዳ ትገባለች። እዚያ፣ ባዶ የበርበሬ ጆንያ ላይ፣ ድመቷ ኮረሪማ ተኝታለች።

ስሙን ያወጣላት የዘሀራ ባል ጀይላን ነው፤ ቅመም ነጋዴ ነውና ቡናማ ነገር ሁሉ ኮረሪማ ይመስለዋል። ድመቷ ምግብ ከተወች ሦስት ቀኗ ነው። ድዷ ነጭ ሆኗል፣ ሽንቷ የወፈረ ሻይ መልክ ይዟል። ሲጠሯት ጆሮዋን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ራሷን አታነሣም።

ለአንዲት ድመት ይሄ ሁሉ ምንድነው የሚል ሰው የድሮ ሰፈሯን አያውቅም ማለት ነው። መንገዱ ሲሰፋ የዘሀራ ሰፈር ፈረሰ፤ ሃያ ዓመት እሳት የተጫጫሩ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ፣ ዛሬ በስልክ ካልሆነ አይገናኙም። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት ተከትላት የመጣችው ኮረሪማ ብቻ ናት፣ ያውም ጭነት መኪናው ላይ ትልቁ ድስት ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ። ዘሀራ ሲከፋት የምታወራው ለእሷ ነው። መልስ አለመስጠቷንም ትወድላታለች፤ ጀይላን ለሁሉ ነገር መልስ አለው።

ዘሀራ ቁሌት ሠርታ ትሸጣለች። ሽንኩርቱን አቁላልታ ለመሥሪያ ቤት ሴቶች በባልዲ በባልዲ ትሞላላቸዋለች፤ እነሱም ቤታቸው ወስደው ሥጋ ወይ ምስር ይጨምሩበትና ወጥ ሠራን ይላሉ፣ ባሎቻቸውም አመስግነው ይበላሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ክዳኑ ላይ ስሟ የተጻፈበትን ነጭ ባልዲ ልትወስድ ሣራ መጣች።

ሣራ ባንክ ቤት ትሠራለች፣ አያት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። እሷ ደንበኛ ብቻ ሳትሆን የደንበኛ እናት ናት፤ ከሕንፃዋና ከቤተ ክርስቲያኗ ኳየር አሥራ አራት ሴት ያመጣችላት እሷ ናት። ደግሞ ንጹህ ሴት ናት፣ ማንኪያ በሁለት ጣቷ ነው የምትይዘው። አንድ ጊዜ፣ ኮረሪማ በግቢው ስታልፍ አይታ፣ "ይቺ ድመት ማድ ቤት ትገባለች እንዴ?" ብላ ጠይቃ ነበር። ዘሀራ ፈጠን ብላ፣ "ምን ቆርጧት" አለቻት። ነገሩ በዚያው አለፈ።

አሁን ሣራ የዘሀራን ፊት አይታ ባልዲውን ሳታነሣ ቆመች።

"ምነው ዘሀራዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"ድመቷ።"

ሣራ ጓዳ ገብታ አየቻት፤ ወዲያው የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። "መገናኛ አለፍ ብሎ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ተነሺ።"

ሐኪሙ ዶክተር ኦልያድ ገና ወጣት ነው፣ ፀጥ ያለ። የድመቷን ከንፈር ገልጦ ድዷን በጣቱ ተጭኖ ጠበቀ፤ የተጫነው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

"ደሟ እያለቀ ነው" አለ። "ለምን እንደሆነ ነው ማወቅ ያለብኝ። ምን ትበላለች?"

ዘሀራ ወደ ሣራ ዞር አለች። ሣራ የድመቷን ጀርባ እያሻሸች ነው።

"ሥጋ" አለች ዘሀራ። "ጉበት። አንዳንዴ ወተት።"

"የቤት ምግብስ? የሰው ምግብ?"

"አትቀምስም።"

ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ኮረሪማ በየማለዳው ድስቱ አጠገብ፣ መክተፊያው ላይ ቁጢጥ ትላለች። ዘሀራም በርበሬው እንዳያቃጥላት፣ ገና በርበሬ ሳይገባ፣ በቅቤ ከተቁላላው ሽንኩርት አንድ ጭልፋ ታወጣላታለች፤ ጉበቱን በዚያ ለውሳ ታቀርብላታለች። ድመቷ ቁሌቱን ልሳ ጉበቱን የምትተወው ጊዜ አለ። በዚህ በሰርግ ወር ድስቱ ሲተልቅ የእሷም ድርሻ ተልቋል። ግን ይሄን ሣራ ፊት መናገር አሥራ አምስት ባልዲ መድፋት ነው።

ሐኪሙ ጻፈ። የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ሌላ ላቦራቶሪ የሚላክ ናሙና። ድምሩ አሥራ ስምንት ሺህ ብር። የሚላከው ናሙና ውጤት ማክሰኞ ይደርሳል።

"ምክንያቱን ሳላውቅ በግምት መድኃኒት ልሰጣት አልፈልግም" አለ። "እስከ ስምንት ሰዓት ክፍት ነን። ይወስኑ፤ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ለማክሰኞ ላትደርስ ትችላለች።"

ዘሀራ ከጀይላን ጋር ልምከር ብላ ወጣች። ሣራ ድመቷን ልጠብቅ ብላ ቀረች።

ዘሀራ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ያዘች፤ ሰልፉ አልሄድ ሲላት ተወችው፤ ትንሽ በእግሯ ሄደች፤ ተመልሳ ሰልፍ ያዘች፣ አሁን ደግሞ ከኋላ። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ አቧራውን ፊቷ ላይ ይበትነዋል። ታክሲው ውስጥም አልተቀመጠችም ማለት ይቻላል፤ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና ረዳቱን ሦስት ጊዜ "ሾላ ደረስን?" አለችው። ሦስተኛው ላይ፣ "እናቴ፣ መሪውን ልስጥሽ?" አላት።

ጀይላንን ሱቁ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ እየመዘነ አገኘችው። ዋጋውን ስትነግረው ሚዛኑን አስቀመጠ።

"በዚህ ብር በግ ይገዛል።"

"በግ አልታመመብኝም።"

"አውቃለሁ። ለሰኞ የሽንኩርት መግዣ ያስቀመጥሽው አለ አይደል፤ ውሰጂው። የሽንኩርቱን እኔ እበደራለሁ።" ከዚያ ዓይኗን አየት አደረገና፣ "የምትሰጫትን ነግረሽዋል?" አላት።

"ሥጋ ብዬዋለሁ።"

ጀይላን ሚዛኑ ላይ የቀረውን አዝሙድ ወደ ጆንያው መለሰ።

"ድመት ነጃሳ አይደለችም" አለ በመጨረሻ። "እኛ ዘንድ ብትነካውም ምግቡ አይረክስም።"

"እኛ ዘንድማ። ሣራ ዘንድስ?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን ምን ደበቀች? አንቺ ነሽ የደበቅሽባት።"

"ቁሌት ምን ያደርጋታል? አገር ሁሉ የሚበላው አይደል እንዴ። ማን ሞተ?" አለችና ብሩን ከሣጥን አውጥታ ወጣች። ተናዳለች፤ የተናደደችው ግን በጀይላን አልነበረም። መንገዱን ሁሉ ሒሳቧን አሳመረች። ብሩ ይከፈላል፣ ደሙ ይመረመራል፣ መሣሪያው ራሱ ያገኘዋል፤ እሷ አፏን መክፈት አያስፈልጋትም። ለዝምታ አሥራ ስምንት ሺህ ብዙ አይደለም። እንዲህ ብላ ልቧን ልታሳርፍ ሞከረች፤ ልቧ ግን ማክሰኞ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረሰች። ሣራ ወንበሩ ላይ እንደነበረች ናት፤ ኮረሪማን በራሷ ሹራብ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስተኝታታለች። ያቺ ማንኪያ በሁለት ጣቷ የምትይዘው ሣራ። ሹራቡ ላይ የሻይ መልክ ያለው ሽንት ፈስሷል፣ እሷ ልብ ያለችው አትመስልም።

"ዘሀራዬ፣ አትጨነቂ" አለች ሣራ። "ግማሹን እኔ ከፍያለሁ። እዚሁ ሆኜ በስልክ የነገርኳቸው የኳየር ልጆችም እናዋጣለን ብለዋል። ዶክተር፣ ጀምርላት።"

ዘሀራ ብሩን በእጇ እንደያዘች ቆመች። የራሷን ብር ለውሸቷ መክፈል ችላ ነበር፤ የሣራን ግን አልቻለችም።

"ዶክተር" አለች። "ሥጋ ብቻ አይደለም የምትበላው።"

ሐኪሙ ቀና አለ።

"ቁሌት ትበላለች። በየቀኑ። ከድስቱ ጨልፌ እኔ ነኝ የምሰጣት። ማድ ቤት ነው የምትውለው፤ መክተፊያው ላይ ነው የምትቀመጠው።" ይሄን ስትል ሐኪሙን ሳይሆን ወለሉን ነበር የምታየው።

"ቁሌት፣ የሽንኩርት?"

"ከሽንኩርት ሌላ ምን አለው።"

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። ጥሬውም፣ የበሰለውም። ደሟን ከውስጥ ያፈርሰዋል። አልትራሳውንዱ ይቅር፣ የሚላከውም ይቅር። አንድ ጠብታ ደም እዚሁ በማይክሮስኮፕ አያለሁ፣ ግሉኮስ ሳይሆን ደም ነው የሚያስፈልጋት፤ ደም የሚሰጥ ጤነኛ ድመት እዚህ ግቢ አለን።"

"ትድናለች?"

"ጠዋት ነግረውኝ ቢሆን፣ አዎ እልዎት ነበር። አሁን እንሞክራለን።"

ዘሀራ አራት ሰዓት ያህል የሮጠችው ከዚህች አንዲት ቃል ነበር፤ ድመቷ ደግሞ በዚያ አራት ሰዓት ውስጥ ደሟ ሲያልቅ ነበር። በገዛ እጇ፣ በቅቤ ለውሳ፣ እያባበለች ነው የመረዘቻት። አለቀሰች፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል።

ሣራ ድመቷን ለሐኪሙ አቀበለችና ሹራቧን አጣጠፈች። ድመቷ ደም ልትወስድ እዚያው ቀረች። ሣራ ዘሀራን እስከ ሾላ ድረስ በመኪና ወሰደቻት፤ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"ምን ቆርጧት ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር።"

ሣራ ግቢ ገብታ ነጩን ባልዲዋን አየችው። ክዳኑን ከፍታ የሞላውን ቁሌት ለአፍታ ተመለከተች፣ መልሳ ከደነችው። "ይሄን አልወስደውም" አለችና ሄደች። ዘሀራ የእሷንም የሌሎቹንም አሥራ አራት ባልዲ ደፋች፤ ለሁሉም ደውላ ለምን እንደሆነ ነገረቻቸው። አንዷ ሰደበቻት፣ ሁለቱ ሳቁ፣ የቀሩት "እሺ" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ማታውን ሣራ ደወለች። "በላች?"

"ገና።"

"እሺ" ብላ ዘጋች። እሑድም ደወለች፣ ሰኞም። ሌላ ቃል አትጨምርም። ማክሰኞ፣ ያ ሁሉ ውጤት ይመጣበት በነበረው ቀን፣ ዘሀራ ከክሊኒኩ ሰምታ፣ ስልኩ ሳይጠራ ራሷ ደወለች። "በላች" አለቻት። ሣራ ያን ቀን ስልኩን ወዲያው አልዘጋችውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማድ ቤቱ አዲስ በር ነበረው። ጀይላን ያስገጠመው የቆርቆሮ በር ነው፣ ከሥሩ ድመት ቀርቶ አይጥ አያስገባም። ኮረሪማ ከውጭ ሆና በሩን ትቧጥጣለች፣ እንደተካደ ሰው ትጮኻለች። ከአሥራ አምስቱ ባልዲ የመጡት አምስት ናቸው። ነጩ አልመጣም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሣራ ባዶ እጇን ሳትሆን በፌስታል ጉበት ይዛ ገባች። ድመቷ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ፌስታሉን ፈታች።

"ባልዲሽስ?" አለች ዘሀራ ከበሩ ውስጥ ሆና።

"እሱን ቆይ" አለች ሣራ፣ ቀና ሳትል። "መጀመሪያ እሷ ትብላ።"

ዘሀራ ማማሰያውን አስቀመጠች። ወጥታ የማድ ቤቱን በር ከኋላዋ ዘጋች፣ ከሣራ ትይዩ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ድመቷ በልታ እስክትጨርስም አልተነሣችም።