ለጊዜው የታሰረ ገመድ

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ይለዋል። አናጢ ነው፤ ሌላ ሰው የማያየው ጥመት እሱን እንቅልፍ ይነሳዋል። ዳሌዬ ተሰብሮ ከሆስፒታል ስመለስ ተሸክሞ ፎቅ አወጣኝና፣ ለደረጃው መደገፊያ ሠርቶ እስኪጨርስ እንዳልወርድ አስማለኝ።

ከዚያ ጀመረ። ላገ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳሰሰ፣ እንደገና ላገ። የሰው ሥራ በቀጠሮው የሚያስረክብ ሰው ለእኔ ሲሆን እጁ ተሳሰረ። መቼ ነው የሚያልቀው ስለው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይለኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ እለዋለሁ እኔም። ስለሚወደኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መውደዱ ግን ፎቅ ላይ አስሮኝ ቀረ።

እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ በየቀኑ ትመጣለች። ጉልበቷ ደረጃ አይወጣላትም። ታች ወንበር ላይ ሆና ወደ ላይ ትጮኻለች፣ እኔም ወደ ታች እጮኻለሁ፤ ሚስጥራችንን ሁሉ ጎረቤት አወቀው። ዓይኗ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ ፊትሽን ልየው ትለኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት ድምጿ ጠፋብኝ። እየተንፏቀቅኩ ወጥቼ ባይ፣ እትዬ በእጇና በእግሯ እየዳኸች ደረጃው መሀል ላይ ደርሳለች፤ መውጣትም መውረድም አቅቷታል። ባሌን ጠራሁት። ከነሰጋቱራው መጥቶ አያትና ብርጭቆ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። ግቢ ወጣ፣ እርጥቡን ልብስ አጥሩ ላይ ጣል አድርጎ የማስጫውን ገመድ ፈታ፣ ከላይ ከበሩ፣ ከታች ከመስኮቱ ብረት ጋር ወጥሮ አሰረው። ቋጠሮው ያስጠላል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው የእሱን ትከሻ ይዤ እትዬ ጋ ወረድኩ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋችኝ። ከስተሻል አለችና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

እሱ ዓይኑን ከቋጠሮው አላነሳም።

«ይሄ ለጊዜው ነው» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ።

«እኛስ ታዲያ ለጊዜው አይደለን?» አለችው እትዬ። «ና ይልቅ ተቀመጥ።»

ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ እግራችን ሥር ተቀመጠ። ፀጉሩ ላይ የቀረውን ሰጋቱራ አራገፍኩለት።