በበረዶ ላይ የወደቀችው ልጅ

የወባ መከላከያ ሰዎች በዚያ ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ መቱ ከተማ መጥተው በተማሪ ቤቱ አዳራሽ ፊልም አሳዩን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረው፣ በመጀመሪያ ስለ ትንኝ አሳዩ። ትንኟ የበሬ ያህል ሆና ስትታይ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አማተቡ። የትንኟ ሲያልቅ ደግሞ ለመደሰቻ ይሁናችሁ ብለው በፈረንጅ አገር በበረዶ ላይ የምትንሸራተት አንዲት ልጅ አሳዩን። ከጫማዋ ሥር እንደ ቢላዋ ያለ ስለት አለ። በዚያ ስለት ላይ ቆማ እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ በአንድ እግሯ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ዘላ በአየር ላይ ትዞርና ትወርዳለች። አንድ ጊዜ ግን ዘላ ስትወርድ ወደቀች። በጎኗ እስከ ዳር ድረስ ተንሸራታ ሄደች። ወዲያው ተነሣች፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። በመጨረሻ ሜዳልያ አንገቷ ላይ አጠለቁላት። እንግሊዝኛውን የሚያስረዳን መምህር ያደታ፣ "ይህች ልጅ የዓለም አንደኛ ናት" አለን።

ፊልሙ ቶሎ አለቀ። ክርክሩ ግን ክረምቱን ሙሉ አላለቀም።

የሚከራከሩት የእኔ በረንዳ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛ ሁሉ ከቆርቆሮዬ ሥር ይጠጋል፤ የኢሉባቦር ክረምት ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ቀን የለውም። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ እሰማለሁ። ፊደል የለየሁት ሰው ሳያስተምረኝ፣ እዚሁ መኪና ላይ ዳዊቴን ዘርግቼ ነውና፣ በተማረ ሰው ክርክር ውስጥ አልገባም።

"እስቲ ምኗ ነው እንዲህ የሚያስወራው?" ይላል ዲንቃ፣ የቡና ነጋዴው። "የኛ ሴቶች ሐምሌ ላይ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝለው የኖፓን ቁልቁለት ሲወርዱ አላየህም? ጭቃ ከበረዶ በምን ያንሳል? ያውም በባዶ እግር።"

"ጭቃ ሌላ፣ ጥበብ ሌላ" ይላል ያደታ። "አንተስ ትናንት ከበቅሎህ ስትወርድ ከነካፖርትህ ጭቃው ላይ ተንሸራተህ አልተቀመጥክም? ማን ሸለመህ?"

ሰዉ ሳቀ። ዲንቃም አብሮ ሳቀ።

"እኔ የዓለም አንደኛ ነኝ አላልኩም። እሷ ናት የተባለችው። ደግሞ ወድቃለች እኮ፣ መምህር! የወደቀ ሰው አንደኛ የሚባለው የት አገር ነው? በጉግስ ከፈረሱ የወደቀ ማን ዘፍኖለት ያውቃል? እኔ የምልህ፣ ስሟን አግንነውታል። ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ብትወድቅም ይጨበጨብልሃል።"

"ዳኞቹ የሚያዩት ሙሉውን ነው። አንዷን መውደቅ ብቻ አይደለም።"

ጎንፋ በበረንዳዬ ጎን መጥረቢያውን አስደግፎ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ ነበር። ለከተማው ሰው እንጨት እየፈለጠ የሚያድር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነው። ፊልሙን ከደጅ ሆኖ እንዳየው አውቃለሁ። በዚያ ክርክር መካከል አፉን ሲከፍት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

"መምህር፣ ያ ሕዝብ ያጨበጨበላት ከመውደቋ በፊት ነው ወይስ ከወደቀች በኋላ?"

"ከወደቀች በኋላ። ስትነሣ።"

"መውደቋን አይተው ነው?"

"ሁሉም አይቷል።"

"ዳኞቹም?"

"ዳኞቹማ! ነጥብ ቀንሰውባታል። ሌላው ሥራዋ ስለበለጠ ነው ያሸነፈችው።"

"ቀነሱባት" አለ ጎንፋ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ፈረዱባት ማለት ነው።"

ዲንቃ፣ "አይ ጎንፋ፣ አንተም እኮ ድሮ..." ብሎ ጀመረና አፉን ያዘ። ጎንፋ መጥረቢያውን አንሥቶ ዝናቡ ሳያባራ ሄደ።

ዲንቃ ጀምሮ የተወውን እኔ ልጨርሰው። ጎንፋ በፊት እንጨት ፈላጭ አልነበረም። ክረምት ክረምት የሶርን ወንዝ ሰው እየተሸከመ ያሻግር ነበር። ድልድዩ ሩቅ ለሆነበት መንደር ሁሉ ድልድዩ እሱ ነው። በሽተኛ፣ ሙሽራ፣ ቄስ ከነመስቀሉ፣ ሁሉንም በጀርባው አሻግሯል። "ጎንፋ ካለ ሶር የለም" ይባል ነበር። ከያዮ የሚመጡ ማር ነጋዴዎች ሳይቀሩ በስሙ ይዘፍኑ ነበር። ታዲያ አንድ ነሐሴ፣ ወባ የያዛትን ዓያንቱ የምትባል ልጃገረድ ወደ ሐኪም ቤት ሊያሻግር ተሸክሟት ገባና መካከል ላይ ወደቀ። እሱን ውሃው ታች ወስዶ ተፋው። እሷን ግን ወሰዳት። እናቷ እትዬ ኡርጌ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራትም።

ሰው የሰው ሕይወት ካጠፋ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ በዚህ አገር ጉማ አለ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይፈርዳሉ፤ አጥፊው ካሣውን ይሰጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ወገን ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ደሙም ያበቃል። እስከዚያ ግን አብረው አይበሉም፣ በአንድ ደጅ አይቀመጡም። ለጎንፋ ግን ሽማግሌዎቹ አዘኑለት። ኦቦ ኩመራ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ "ውሃ ነው የወሰዳት፤ በጎንፋ ላይ ጉማ የለም" ብለው ተነሡ። አገሩ ሁሉ ደግ ፍርድ ነው አለ። ጎንፋ ብቻ፣ "ፍረዱብኝ" እያለ ተከተላቸው። "ያላጠፋ ሰው ምን ይፈረድበታል?" ብለው ወደ ቤቱ መለሱት።

ፍርድ ስለሌለ እርቅ የለም። እርቅ ስለሌለም ማዕድ የለም። ጎንፋ ወንዙን ተወው። ገበያ ላይ እትዬ ኡርጌን ከሩቅ ሲያይ በጓሮ መንገድ ይሰወራል።

ከዚያ ክርክር በማግስቱ ጎንፋ ብቻውን መጣና ከመኪናዬ አጠገብ ቆመ።

"ጋሼ፣ ኦቦ ኩመራ ያከብሩዎታል። አንድ ጊዜ ይንገሩልኝ። ይፍረዱብኝና ልረፍ።"

ሄድኩለት። ኦቦ ኩመራ ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ሰሙኝ።

"ውሃ ነው ብለናል" አሉ። "ዛሬ ተነሥተን ጉማ አለበት ብንል፣ ነፍሰ ገዳይ ልናደርገው ነው? ምሕረት አድርገንልሃል በለው።"

"እሱ የጠየቀው ምሕረት አይደለም፣ ኦቦ ኩመራ። ዳኝነት ነው።"

ረጅም ጊዜ ዝናቡን አዩ። "እኛ ቃላችንን አናጥፍም። ግን እናቲቱ በሯን ብትከፍትለት፣ የምንከለክል እኛ አይደለንም።"

ከዚያ በድልድዩ ዞሬ ወደ እትዬ ኡርጌ ሄድኩ። ጓሮዋ ውስጥ ጎደሬ ትቆፍር ነበር። የመጣሁበትን በኦሮምኛ ነገርኳት። ቀና አላለችም፤ መቆፈሯንም አላቆመችም።

"ጠብቄው ነበር" አለችኝ። "ካሣ አልፈለግኩም። ላም ምን ታደርግልኛለች? አንድ ቀን መጥቶ በሬ ላይ ቢቆም ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን ሲያየኝ ይሸሻል። ልጄን እንደ ጆንያ ጥሎ የረሳት መሰለኝ።"

"አልረሳትም፣ እትዬ ኡርጌ።"

"እሱን ከራሱ ልስማው።" የጎደሬውን ጭቃ በእጇ ጠረገች። "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዘውት ይምጡ። ገንፎ አገነፋለሁ።"

ይህን ስነግረው ጎንፋ ወደ ቤቱ ሄደ። ተመልሶ ለእሑድ የተቀደደ ጋቢውን አምጥቶ፣ "ይጣፍልኝ" አለኝ።

እሑድ በድልድዩ ሄድን። ሶር ሞልቶ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ጎንፋ ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ወንዙን ተሻግሮት አያውቅም ነበር። የድልድዩን ብረት በእጁ እየዳሰሰ፣ ወደ ታች ሳያይ አለፈ። እኔም በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር።

እትዬ ኡርጌ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጎንፋ ከአጥሩ በር ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጠራት የጨነቀው መሰለኝ። በመጨረሻ፣ "ሃዳ ዓያንቱ" አላት። የዓያንቱ እናት ማለቱ ነው።

አየችው። "ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም" አለች። "ግባ።"

ገንፎው በእንጨት ገበቴ ቀርቧል፤ መካከሉ በቅቤ ተሞልቷል። ሁለት የቀንድ ማንኪያ ይዛ መጥታ አንዱን ለእሱ ሰጠችው፤ አንዱን ራሷ ያዘች። እኔ ምስክር ስለሆንኩ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አብረው አንድ ጊዜ ቢጎርሱ ነገሩ ያበቃል። እሷ ማንኪያዋን ወደ ገንፎው ሰደደች። ጎንፋ ግን የእሱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ከመብላቴ በፊት የምነግርዎ አለ። ሽማግሌዎቹ ውሃ ነው ብለዋል። ውሃ አይደለም።"

እጇ በአየር ላይ ቀረ።

"ያን ዕለት ልጅዎ ጀርባዬ ላይ ሆና፣ 'በላይኛው መሻገሪያ እንሂድ፣ ጋሼ ጎንፋ' አለችኝ። ላይኛው ሰፊ ነው እንጂ ከጉልበት አያልፍም። ማንም ይሻገረዋል። ታች ዳር ላይ ግን ከገበያ የሚመለስ ሰው ቆሞ ነበር። ስሜን ይጠሩ ነበር። ጎንፋ፣ ጎንፋ እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። በላይኛው ብሄድ ጎንፋም ፈራ ይሉኛል ብዬ በታችኛው፣ በጥልቁ ገባሁ። የገደላት ስሜ ነው፣ ሃዳ ዓያንቱ። ይህን ያልሰማ ሰው ነው የፈረደልኝ።"

እኔም ይህን አላውቅም ነበር። አገሩም አያውቅም። ጉማ የለብህም ሲሉት፣ ፍረዱብኝ የምትለው ምን አድርገህ ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ።

"ፈርታ ነበር?" አለች እትዬ ኡርጌ።

"ፈርታ ነበር። አንገቴን አጥብቃ ይዛኝ ነበር።"

"ምን አለች?"

"ምንም አላለች። እጇ ብቻ ነው የተፈታው።"

ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ገንፎው ላይ ቅቤው እየረጋ መጣ። እትዬ ኡርጌ ተነሣችና ማንኪያውን ከጉልበቱ ላይ ወሰደች። አልነጠቀችውም፤ ከተኛ ልጅ እጅ እንደሚወሰድ ቀስ ብላ ነው። ገበቴውንም አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባችው። ስትመለስ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንበላ ነበር" አለችው። "አሁን አልችልም። ሂድ።"

ጎንፋ ተነሥቶ እስከ መሬት ጎንበስ አለና ወደ ደጅ ወጣ። እሷ ከኋላው ተናገረች።

"ጎንፋ። ገበያ ላይ ስታየኝ ግን አትሽሽ። ልጄን መጨረሻ ያያት ሰው አንተ ነህ። ልይህ።"

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ ወደ ታች አየ። እኔም ከጎኑ ቆምኩ።

"ፈረደችብኝ" አለኝ። ያለቅስ ነበር። ድምፁ ግን የደከመው ሰው ሸክሙን ሲያወርድ እንደሚያሰማው ያለ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ተቆረጠ። በረንዳዬ ላይ የሚቆመው ሰውም ቀነሰ። ዲንቃና ያደታ ብቻ ከዚያች ልጅ አልተላቀቁም። ዲንቃ አሁን አዲስ ነገር አምጥቷል፤ ጫማው ነው እንጂ እሷ አይደለችም፣ ያንን ስለት ለእኔ ፍየል ቢያደርጉላት እሷም ትሾራለች ይላል። ያደታ ደግሞ፣ "ፍየልህን ተዋት፣ መጀመሪያ አንተ ከበቅሎህ በደህና ውረድ" ይለዋል። ጎንፋ በደጄ ግንድ ይፈልጥ ነበር።

"ይኸው እሱ ይፍረደን" አለ ዲንቃ። ክፋት አልነበረውም፤ ጎንፋ ዝም ሲል ሆዱ ስለማይችል ነው። "ጎንፋ፣ እውነቱን ተናገር። ስሟ ከሥራዋ አይበልጥም?"

ጎንፋ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተክሎ አሰበ።

"የበረዶውን ነገር እኔ አላውቅም" አለ። "ግን ብቻዋን ነበረች። ማንንም አልተሸከመችም።"

ያደታ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

በዚያው ሰዓት እትዬ ኡርጌ የጎደሬ ሸክሟን አዝላ በመንገዱ መጣች። ጎንፋ አያት። እግሩ ወደ ጓሮው በኩል አንድ ጊዜ ፈቀቅ እንዳለ አይቻለሁ። ግን አልሄደም። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። እሷም ከፊቱ ስትደርስ ቀስ አለችና አየችው። ሰላም አላለችውም። አልፋ ሄደች። እሱም ከመታጠፊያው እስክትሰወር ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ከዚያም በኋላ ያን ግንድ ያን ቀን አልፈለጠውም።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን እንዲሁ ነው። ጎደሬ ተራ ከድልድዩ ሲመጡ በላይ በኩል ነው፤ በእኔ ደጅ የሚያሳልፋት ጉዳይ የለም። ሸክሟን አዝላ ዞራ ትመጣለች፤ ታየዋለች፤ ትሄዳለች። ገንፎው ግን እስከ ዛሬ አልተበላም።