ስም የሌላት ማዞሪያ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሰው ይገባል። በሌላው ቀን በሬን የሚያንኳኳ ቢኖር ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመት ሞላ፤ ከዚያ ወዲህ ከስፌት መኪናዬ በቀር የሚያወራኝ የለም፤ እሷም ወሬዋ አንድ ዓይነት ነው።

እሑድ ግን ባንድ አለን። መምህሩ ኪቦርድ፣ ሹፌሩ ጊታር ይጫወታሉ፤ ፋርማሲስቷ ትዘፍናለች፤ እኔ ድራም እመታለሁ። እግሬ ቀን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ ስለሚውል ለድራም አያንስም ብዬ ነው የጀመርኩት። እስከ ዛሬ ለሠርግም ለልደትም የጠራን የለም። እኔ እንደሆነ ጠሪ አላማረኝም፤ መጪ ነው የቸገረኝ።

አምና ከእኔ በታች ባለው ክፍል የምትኖረው ነርስ ዓይኗ ደም መስሎ መጣች። "ጋሼ፣ ሌሊት ሠርቼ ቀን ነው የምተኛው፤ ይዘኑልኝ" አለችኝ። ይህን የሰማችው አከራዬ ደግሞ "ሁለተኛ ስሞታ ከመጣ አንተም ባንድህም ቤት ፈልጉ" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ቤቱ አላስጨነቀኝም። ሰዎቹ ከተበተኑ ተመልሰው እንደማይሰበሰቡ ግን አውቅ ነበር።

ስለዚህ ዝምታን ሠራሁት። እውነተኛውን ድራም ሸጬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጎማ ድራም ገዛሁ። ከእግር ፔዳሉ ሥር የካፖርት ቁርጥራጭ በአራት ድርብ ሰፍቼ አነጠፍኩ። መምህሩ ሁላችንንም በሽቦ ከአንድ ድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰር ጋር አያያዘንና ለየራሳችን የጆሮ ማዳመጫና አምስት ማዞሪያ ያላት ትንሽ ሳጥን ሰጠን። የማንን ድምፅ ምን ያህል እንደምትሰማ የምትወስነው በገዛ ሳጥንህ ነው። በአራቱ ማዞሪያዎች ላይ የየሙያችን ስም በፕላስተር ተለጥፏል። አምስተኛዋ ስም የላትም። "ይቺስ?" ስለው "ትርፍ ናት፣ አትንካት" አለኝ። አልነካኋትም።

ማዳመጫ ሳያደርግ ላየን ሰው እብዶች ነን። ፋርማሲስቷ ማይኩን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ ታንሾካሹካለች፣ ሹፌሩ ሽቦ ይቧጭራል፣ እኔ ጎማ እደበድባለሁ። በጆሯችን ውስጥ ግን ዓለም ነው። ነርሷም ድምፄ ጠፋላት መሰለኝ፣ ዓመት ሙሉ ብቅ አላለችም።

አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረኝ፤ ካሉን ሦስት ዘፈኖች ሦስተኛው ላይ ይጣደፋሉ። መሀሉ ላይ ጥለውኝ ይሄዱና ሮጬ እደርስባቸዋለሁ። "ምን ያሯሩጣችኋል፣ የሚያባርራችሁ አለ?" ስላቸው መምህሩ "ልክ ነህ፣ እናርማለን" ይላል። አያርሙም።

ያለፈው እሑድ ለእረፍት ግቢ ወረዱ። የእኔ ማዳመጫ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ፣ ችግሩ ከሱ ይሁን ከሽቦው ለመለየት የፋርማሲስቷን አጠለቅሁ። ውስጡ ድራም ይመታል። የመምቻ እንጨቶቼ ጭኔ ላይ ናቸው፤ ድራሙ ግን ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ ይመታል። መምህሩ ሳያጠፋው የወረደው የኪቦርዱ የራሱ ምት ነው። የእኔ ሳጥን ላይ ተዘግታ የምትኖረው ስም የሌላት ማዞሪያ የእሷ ላይ እስከ ጥግ ተከፍታለች። ጎማዬን መታሁ። ምንም። "ሰፊው" የሚለው ማዞሪያ ዜሮ ላይ ነው። የሹፌሩን ሳጥን አየሁ፤ ዜሮ። የመምህሩም ዜሮ። ማዞሪያዬ ዙሪያዋን አቧራ ይዛለች፤ ሰው ከነካት ቆይቷል።

ጎረቤት እንዳይሰማኝ ስለፋ ባንዱም አይሰማኝም ኖሯል። ለካ የሚመጡት ለክፍሌ ነው። ከመመለሳቸው በፊት ማዳመጫዋን ቦታው አስቀመጥኩ። ብናገር አፍረው በዚያው ይቀሩብኛል። የማይሰሙኝ ሰዎች ቢሆኑም ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ግን እልህ ያዘኝ። እግሬን ከፔዳሉ አንሥቼ፣ እንጨቶቹን አየር ላይ እያወዛወዝኩ፣ ሦስቱንም ዘፈን አንድም ሳልመታ ጨረስኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ፋርማሲስቷ ማዳመጫዋን አወለቀችና "ዛሬስ ልክ እንደ ሰዓት! አይደል ጋሼ?" አለች።

"እንደ ሰዓት" አልኳት።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ነርሷ ናት፤ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። አለቀልን አልኩ።

"ድምፅ አስቸገረሽ እንዴ ልጄ?"

"ኧረ ምንም ድምፅ የለም! አመመዎት እንዴ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"ለምን ያመኛል?"

"እግርዎ ጠፋብኝ ጋሼ። ሌላው አይሰማኝም፣ የእርስዎ እግር ግን ጣሪያዬ ላይ ዱም ዱም ይላል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። ሦስተኛው ላይ ቀስ የሚሉባት ቦታ አለች አይደል? እሷ ጋ ስንደርስ ነው እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ የሚወስደኝ። ዛሬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም።"

ከኋላዬ ያሉት ሁሉንም ሰምተዋል፤ ዛሬ አለመምታቴንም አወቁ። የሚጣደፉት እነሱ አልነበሩም፤ የምዘገየው እኔ ነኝ። ይህን ከሚነግሩኝ ማዞሪያዬን ዜሮ ላይ ማድረግ ቀሏቸዋል።

"ደህና ነኝ፤ ሂጂ ተኚ" አልኳት።

መምህሩ አቀርቅሮ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ። ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን አንሥታ ፊቴን ሳታይ ወጣች። ሹፌሩ ትከሻዬን ነካ አደረገና "በል እንግዲህ፣ ለእሑድ..." ብሎ ሳይጨርሰው ደረጃውን ወረደ። ሌላ ጊዜ የሚሄዱት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬ ገና አሥር ሰዓት አልሆነም።

ክፍሉ ሰፋብኝ። ማልቀስም አማረኝ፣ ግን ማን ሊያየኝ ብዬ ተውኩት። ከፔዳሉ ሥር ካነጠፍኩት ካፖርት አንዱን ድርብ ተርትሬ አወጣሁ። ከዚያ ያለ ማዳመጫ፣ በእግሬ ብቻ፣ ሦስተኛውን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ያቺ ቦታ ስትደርስ ቀስ አልኩ።