ከበሩ ኋላ የቆመው ጆንያ

ጅጅጋ በተዛወርኩ በዓመቱ፣ ደመወዝ ስንቀበል፣ የቢሮ ኃላፊያችን ጓድ ወልደሥላሴ ሰው ሁሉ እየሰማ «በጣሳ የሚሸምት ሰው አባወራ አይባልም» አለኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጤፍ በኩንታል እንጂ አልገዛሁም። ጆንያውንም እንግዳ እንዲያየው ከበሩ ኋላ አቆመዋለሁ።

በሰባ ሰባት ዝናብ ጠፋ፤ የጤፍ ዋጋ የማይነካ ሆነ። ባለቤቴ ፀዳለ ወደ ሶማሌዋ ነጋዴ ወደ ኢስተሂል ሱቅ መመላለስ ጀመረች። ኢስተሂል ከድንበሩ፣ በቀብሪበያ በኩል የሚገባውን ሩዝ በጣሳ ትሰፍራለች። ፀዳለ አስፈጭታ ከማሽላ ጋር ታቦካዋለች። ጆንያው ባዶ ሆኖ ሲተኛብኝ ገለባ ጠቀጠቅሁበት፤ ከላይ ጨርቅ አንጥፌ ለበዓል የቀረችንን ሁለት ጣሳ ጤፍ አፈሰስኩበት።

«ገለባ ልታበላን ነው?» አለች ፀዳለ።

«ዝም በይ። ቆሞ ይታይ።»

አንድ እሑድ ወልደሥላሴ ከሚስቱ ከወይዘሮ ለተሥላሴ ጋር መጣ። ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው።

«ጓድ ከተማ፣ ሐሙስ የልጃችን ክርስትና ነው። ገበያው ውስጥ ጤፍ ጠፋ። ሁለት ጣሳ ብትለቅልን።»

ይህን ቀን ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ።

«እዚህ ቤት በጣሳ አይሰፈርም፣ ጓድ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ፀዳለ ግን ተነሥታ ጆንያውን ፈታች። አንዱን ጣሳ ሰፈረች። ሁለተኛውን ስትዝቅ ጨርቁ አብሮ ወጣና ገለባው መሬት ላይ ተበተነ።



«የኛው ጆንያ ደግሞ አሸዋ ነው» አለች ለተሥላሴ ባሏን እያየች ቀስ ብላ። «እሱ ነው ያስሞላኝ። ቤት ስጠርግ አይነሣልኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔና ወልደሥላሴ ግድግዳ ግድግዳውን አየን።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አንድ ኩንታል ማሽላ ለሁለት ይገዛሉ፤ ሩዙን በጣሳ።

«ባሎቻችሁ ያለ ጤፍ አይበሉም አላላችሁም?» አለቻቸው አሉ ኢስተሂል።

«እነሱ ጆንያ አይተው ይጠግባሉ» አለች ፀዳለ።

ክርስትናው ላይ ሄጄ የራሴን ጤፍ በላሁ። ወልደሥላሴ ያንን ቃሉን አላነሣም፤ እኔም አልረሳሁትም። ጆንያውን ፀዳለ አጥፋ ደጃፍ ላይ የእግር መጥረጊያ አደረገችው። ወልደሥላሴ ሲመጣ ይጠርግበታል። እኔ ዘልዬው ነው የምገባው።