አባ ናፍጣ ያስገባው አንቀጽ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «አባ ናፍጣ» እያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማዋን ጄኔሬተር ሲያንቀሳቅስ ኖሮ ቀኝ ጆሮው ከነጭራሹ ደንቁሯል፤ ግራውም የሚሰማው ጮክ ሲሉለት ብቻ ነው። ልብሱ ቢታጠብ ቢታጠብ የናፍጣ ሽታው አይለቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንዲት ልጁ ናት፤ እሷም በዋናው ከተማ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ናት።

አንድ ቅዳሜ ልጅቱ ሳትነግረው መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ ራሷ የጻፈችው ረቂቅ አለ፤ ራቅ ላሉ ከተሞች ከፀሐይና ከነፋስ የሚመነጨው መብራት እንዴት ይገዛ የሚል። እስከዚያ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ዋጋውን በግምት ቆርጦ ለመጣው ሁሉ ይከፍል ነበር። ግምቱ ሲበዛ ሕዝቡ ይጎዳል፣ ሲያንስ ዝር የሚል የለም። እሷ ያሰበችው ጨረታ ነው፤ በትንሽ ዋጋ አመነጫለሁ ያለ ያሸንፍ። ከከተሞቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያለችው ደግሞ የአባቷ ከተማ ናት።

እንዴት ብላ ትንገረው? ምሳ በልተው እስኪነሱ ስለ መንገዱም ስለ ጎረቤቱም ስታወራ ቆየች።

«እናቴ፣» አላት በመጨረሻ፣ «የምትደብቂው ነገር ሲኖር ድምፅሽ ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ደንቆሮ ነኝ። ጮክ በይ እንጂ!»

ሳቅ አመለጣት። በግራ ጆሮው በኩል ተቀምጣ ረቂቁን አነበበችለት። ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ማን የሚያሸንፍ ይመስልሻል?»

«ፀሐይ። ርካሽ ነው።»

«እንግዲያው የእኔን ሞተር አትዘጉትም።»

እጇን ይዞ ወደ ጄኔሬተሩ ጣቢያ ወሰዳትና ከመደርደሪያው መዝገብ አወረደ። ከተማዋ በየሰዓቱ የምትወስደውን ኃይል በእጁ የጻፈበት ነው።

«ይኸው፣ ቀን ላይ ወፍጮ ቤቱና ጤና ጣቢያው ብቻ ናቸው። አሁን ምሽት አንድ ሰዓትን እይ፤ ሦስት እጥፍ! ሰው ከሥራ ገባ፣ አምፖል አበራ፣ ምድጃ ሰካ። ፀሐይሽ ያን ጊዜ የት አለች? በርካሽ የገዛችሁት ቀን ይተርፋችኋል፣ ሲመሽ ተመልሳችሁ እኔ ደጅ ትመጣላችሁ። ከናፍጣ የሚወደድ ደግሞ የለም።»

ልጅቱ አምዱን ደጋግማ አየችው። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መብራት በምሽት ይቅረብ በያቸው። በባትሪ ያምጣው፣ በነፋስ ያምጣው፣ በምን እንደሚያመጣው አንቺ ምን አገባሽ? በዝቅተኛ ዋጋ የቻለ ይውሰደው።»

«አባዬ፣ እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ እኮ ሞተርህ የእውነት ይዘጋል።»

«እስከ መቼ ታቅፌው ልኑር? ሠላሳ አንድ ዓመት አበላሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ተመስገን አላለም።»

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። እሷም ዓይኑን እንዳላየች ሆና መዝገቡን መገልበጥ ጀመረች።

ሰኞ አለቃዋ አዲሱን አንቀጽ አንብቦ ግንባሩን ቋጠረ።

«ባትሪ ሲጨመርበት አይወደድም?»

«ለብቻው ሲያዩት አዎ። የምሽቱን ናፍጣ አብረው ሲደምሩት ግን ይረክሳል።» ከአባቷ መዝገብ የገለበጠችውን ቅጂ ዘረጋችለት።

«ይህን ያጠናው የትኛው አማካሪ ነው?»

«አባቴ ነው።»

አለቃዋ ሳቀ፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ያዘ።

በጨረታው አምስት ድርጅቶች ገቡ። ያሸነፈው ፀሐይን ከባትሪ ጋር ያጣመረው ነው፤ ዋጋውም መሥሪያ ቤቱ ድሮ በግምት ከሚቆርጠው በታች ሆነ።

ጣቢያው የሚዘጋ ዕለት ልጅቱ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ማዘጋጃ ቤቱ ንግግር አዘጋጅቷል፤ አባቷ ግን ተናጋሪዎቹን ሳይጠብቅ ገብቶ ሞተሩን አጠፋው። ንዝረቱ እስኪያልቅ መዳፉን ከብረቱ ላይ አላነሳም።

«አሁን ምን ይሰማል?» አላት።

ጆሮዋን አቀናች። «ሰው ያወራል። አንዲት ሴት ትስቃለች። ወፎችም አሉ።»

«ወፎች?» አለ ተገርሞ። «እዚህ?»

«ብዙ ናቸው አባዬ።»

ክንዷን ያዘና ወጡ። ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ ወፎቹ የትኛው ዛፍ ላይ እንዳሉ ይጠይቃል፣ እሷ በጣቷ ታሳየዋለች።