ቀድሞ የተሞላ መልስ

ሐምሌ ላይ የአሶሳ ዝናብ ሲጀምር አያቆምም፤ ሲያቆምም የጀመረ አይመስልም። እንዲህ ባለ ቀን እኔ ዓይኔን ሳልጨፍን ሕልም አያለሁ። በልጅነቴ በዚህ አመሌ የሰፈሩ ሰው ፈዛዛ ይለኝ ነበር፤ አሁን የኮምፒውተር ባለሙያ ይለኛል። እኔ ግን ያው ነኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ሕልም ነበር የማየው። የምሠራበት ማሰልጠኛ አንድ ትልቅ ሰርቨር መጥቶለታል። ሰኞ ጠዋት ከጾሬ የስደተኞች ካምፕና ከከተማው የሚመጡ ሠላሳ ሠልጣኞች ሊፈተኑ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ እኛ ያለን ግን ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ውስጥ ሠላሳ ቨርቹዋል ማሽን መፍጠር ነበረብኝ። ቨርቹዋል ማሽን በእጅ የማይጨበጥ ኮምፒውተር ነው። ለእኔ አንዱ ትልቅ ኮምፒውተር ተኝቶ፣ ሠላሳ ትንንሽ ኮምፒውተር ሆንኩ ብሎ ሕልም የሚያይ ይመስለኛል። በሕልም ያለ ኮምፒውተርም ቢሆን ግን እንደ እውነተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልተጫነበት አይሠራም።

ሲጫን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ማሽኑ ጠያቂ ነው። ቋንቋህ ምንድን ነው? አገርህ የት ነው? ስምህ ማን ይባላል? የይለፍ ቃልህስ? መልስ ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። ከእኔ አሥር ዓመት ቀድሞ የተቀጠረው ባልደረባዬ ረጀብ ይህን ሥራ ሁልጊዜ በእጁ ነው የሚሠራው። ወንበሩን ስቦ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል። ማሽኑ ሲጠይቅ ይመልሳል፤ ዝም ሲል እሱም ዝም ይላል። በሽተኛ የሚያስታምም ነው የሚመስለው።

እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የመልስ ፋይል ጻፍኩ። ማሽኑ ሊጠይቅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ መልሱን በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ ፋይሉን ያነብና ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ይጭናል፤ አጠገቡ ሰው መኖር የለበትም። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት፤ አንዴም ሳይደናቀፍ ጨረሰ።

ረጀብ ፋይሉን እስከ መጨረሻው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ማሽን ገና አልጠየቀም፤ አንተ መለሰ» አለኝ።

ረጀብ የቤርታ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። እኔን ሴቷን «አንተ» ሲለኝ ስድስት ዓመት ሆነው። የሱን ቋንቋ ሁለት ቃል እንኳ በወጉ ስለማላውቅ፣ እሱን የማርምበት አፍ የለኝም።

«ጥሩ አይደለም?» አልኩት።

«ማሽን ሲወለድ ሰው ከጎኑ ይቀመጣል። ቢቸገር ማንን ይጠይቃል?»

«አይቸገርም። እኔም ልሄድ ነው፤ ከአባቴ ጋር ባምባሲ እደርሳለሁ።»

አባቴ ማለዳ ደውሎልኝ ነበር። ስሙ ኪዳኔ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የሰፋሪዎች መንደር ወፍጮ ቤት አለው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡት አንዱ ነው። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር ይባላል። ያሳደጉት እማማ አይናለም የሚባሉ በዚያው መኪና የመጡ ሴት ናቸው። ወላጅ እናቱ እንዳልሆኑ የመንደሩ ልጆች ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ከወላጆቹ የቀረለት ነገር አንድ ነው፤ የአባቱ ስም። ጎሹ። ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ከቆመ አባቴ ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ ይወጣና ሾፌሩን «በሰባ ሰባት ልጅ የጠፋው ጎሹ የሚባል ሰው ታውቃለህ?» ይለዋል። ሾፌሮቹ ወሎ አንድ ቀበሌ እንዳልሆነ ሊያስረዱት ይሞክራሉ። እሱ ግን አይሰማም። ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ራሱ ሄዶ ሊፈልግ ቆርጧል።

«እማማ አይናለም አስጠርተውኛል» አለኝ በስልክ። «ታመዋል። ስለ አባቴ የሚነግሩኝ ነገር አለ አሉ። አብረሽኝ ነይ፣ አገኘሁሽ። ብቻዬን ከሰማሁት ይጠፋብኛል።»

አርባ ዓመት ያህል የጠበቀ ሰው እንዲህ ሲል ሰኞ ፈተና አለብኝ አይባልም። ፋይሉን ለሠላሳውም ማሽን ሰጥቼ አስነሳኋቸው። ሠላሳ ጥቁር መስኮት ስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ነጭ ጽሑፍ ማፍሰስ ጀመረ።

«ሂድ አንተ» አለኝ ረጀብ። «አባት ይበልጣል።»

«አንተም ወደ ቤትህ ሂድ። ራሳቸው ይጨርሳሉ።»

«አውቃለሁ» አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

አባቴ መናኸሪያ የክት ጃኬቱን ለብሶ ጠበቀኝ። ሚኒባሱ ከከተማው እንደወጣ ጉም ዋጠን። ማንጎውም፣ ቀርከሃውም፣ በመንገድ ዳር የሚሄደው ሰውም ብቅ ብሎ ይጠፋል። አባቴ የሚጠይቃቸውን ነገሮች በጣቱ እየቆጠረ ይደረድርልኛል። የአባቴ አገር ማን ይባላል? ወንዝ አለው? ወንድም ነበረኝ? አባቴ ቁጡ ነበር ወይስ እንደኔ ዝምተኛ?

እኔ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ጉሙ አፍጥጬ አያቴን አያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የሚታየኝ። ጎሹ ረጅም ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ ይመጣል። አፍንጫው የኔ ነው። አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም፤ ግን ሲያየኝ ቆም ይላል። የዚያን ቀንም ከመኪናው ጎን ጎን ሲራመድ ነበር፤ መኪናው ሲፈጥን እሱም ሳይቸኩል እኩል ይደርሳል። እወደዋለሁ። ያላየሁትን ሰው እወደዋለሁ ስል እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ረጀብ ነው።

«ቆመ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሠላሳም። ከኢንተርኔት ፋይል አወረደ፣ ከዚያ ፋይሉን አልቀበልም አለ። ይህ ፋይል ገና አልተሠራም ይላል። ቀኑ አልደረሰም ይላል።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ላፕቶፔ ላይ የሠራ ነገር ሰርቨሩ ላይ ለምን እምቢ እንዳለ ግራ ገባኝ። ፋይሉን መስመር በመስመር በልቤ አነበብኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«ረጀብ፣ ሰርቨሩ የመጣ ቀን ሰዓቱንና ቀኑን ማን ነው የሞላው?»

«እኔ።»

«በምን ሞላኸው?»

«በኛ። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ሐምሌ። ሰዓትም በኛ። ከቢሮ ደብዳቤ ጋር እንዲገጥም ነው።»

ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ሰርቨሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚኖረው። የኛን ዓመት ስንነግረው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ብሏል። እዚያ ሆኖ የዛሬውን ፋይል ሲያይ ገና ያልተወለደ ነገር ሆነበት፤ አልቀበልም ማለቱ ልክ ነው። የኔ የመልስ ፋይል ውስጥ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም። ማሽን ቀኑን ያውቃል ብዬ ነበር። ለረጀብ ቀስ ብዬ ነገርኩት።

«መዓሊሽ» አለኝ፣ ይቅርታ ማለቱ ነው። ቅር እንዳለው ከድምፁ ያስታውቃል። «አሁን አስተካክላለሁ። ሠላሳውን አንድ በአንድ አጥፍቼ አስነሳለሁ።»

ባምባሲ ስንወርድ መልእክት ላከ፦ «ሠላሳም ይሄዳል። እኔ ተቀምጧል።» ለአባቴ አነበብኩለት። አልሰማኝም፤ በጭቃው ላይ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር።

እማማ አይናለም አልጋ ላይ ናቸው። ጎረቤታቸው በሩን ከፍታ አስገባችንና ወጣች። ሰውነታቸው አንሶ ብርድ ልብሱ ባዶ ይመስላል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አባቴ ጉልበታቸውን ስሞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ። 

«በመስከረም ትሄዳለህ አሉኝ» አሉ እማማ።

«አዎ እማማ። ስለ አባቴ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩኝ። ትንሽም ቢሆን።»

«ለሰፈራ ስንጫን መዝጋቢው ሰባት ጥያቄ ጠየቀኝ» አሉ እማማ ወደ ጣሪያው እያዩ። «ያልተመዘገበ መኪናው ላይ አይወጣም። አንተ እህል የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ነጠላዬን ይዘህ ቆመህ አገኘሁህ። የማን ነህ ብልህ አልተናገርክም። ስንት ቀን ዞርኩ፤ ልጄ ነው የሚል ሰው አጣሁ። መኪናዎቹ መጡ። መዝጋቢው ስሙ ማን ነው አለኝ። ኪዳኔ አልኩት።»

«እሺ» አለ አባቴ።

«ኪዳኔ ልጄ ነበር። የመጠለያው መዝገብ ላይ አስፍሬው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው ሞተብኝ። ስሙ አልተሰረዘም። ዕድሜው አለኝ፤ ስድስት አልኩ፤ የሱን ነው። የአባቱ ስም አለኝ። ጎሹ አልኩ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ጎሹ ባሌ ነው። እሱም እዚያው ቀረ።»

አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የሰማ አይመስልም ነበር። እኔ ግን ሰማሁ። ከጉም ውስጥ የሚወጣው ረጅም ሰው የማንም እንዳልሆነ ገባኝ፤ አፍንጫውም የኔ አልነበረም።  ቀጥሎ ተናደድኩ፤ አልጋ ላይ በተኙ ሴት ላይ እንዲህ መናደዴ ራሱ አሳፈረኝ።

«የኔ አባትስ?» አለ አባቴ በመጨረሻ።

«አላውቅም ልጄ። ሦስት ወር አንድ ቃል አልተናገርክም። አፍህ ሲፈታ ደግሞ ኪዳኔ ነኝ አልክ። የቀድሞውን ረስተኸው ነበር።»

«ስጠይቅዎት ጎሹ አሉኝ እኮ። ስንት ጊዜ ጠየቅኩዎት?»

«ምን ልበልህ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። አሁን ልትሄድ ነው ሲሉኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ጎሹ ጎሹ እያልክ ስትዞር የባሌን ወንድሞች ታገኛቸዋለህ። የጎሹ ልጅ ኪዳኔ ነኝ ስትላቸው፣ ኪዳኔ ሞቷል ይሉሃል። እሱን ከሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ። አባቴ በመንገድ ላይ በጣቱ የቆጠራቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጠያቂም ተጠያቂም አጡ። አገሩ፣ ወንዙ፣ ወንድሙ። የስድስት ዓመት ልጅ መሆኑም እንኳ የሌላ ልጅ ዕድሜ ነው። ፊቱ ላይ ለሚታየኝ ነገር ስም አላወጣለትም፤ እንዲህ ብቻውን ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። ትከሻውን ልይዘው እጄን ዘረጋሁና ፈርቼ መለስኩት።

«አንዲት ነገር ቀረችኝ» አሉ እማማ አይናለም። ድምፃቸው ቀጠነ። «መዝጋቢው ጨርሶ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አንተንም እኔንም አየ። መልካችን አልገጠመለትም መሰለኝ፣ ልጁ ያንቺ ነው? አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላውን ሁሉ አንተ ስለማትናገር መለስኩልህ፤ አይጸጽተኝም። ይቺን ግን አንተን መጠየቅ ነበረብኝ። በኋላም ስታድግ እጠይቀዋለሁ እያልኩ ፈራሁ። ልጆቹ ከነገሩህ ወዲያ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁ።» ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ። «የኔ ነህ?»

አባቴ ቶሎ አልመለሰም። እኔ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። የሱ ጥያቄ ነበር፤ በሕይወቱ ከተጠየቃቸው ሁሉ እሱ ራሱ ሊመልሰው የሚችለው ይህን ብቻ ነበር። አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። ጃኬቱን አወለቀ፣ አጠፈው፣ በርጩማው ላይ አስቀመጠው፤ ሊሄድ ነው ወይስ ሊቆይ ነው አላወቅኩም። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ያንቺ ነኝ» አለ።

አባቴ እሳቸውን አንቺ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።