ሁለተኛው ዓይን

ዓምደሚካኤል ዓይን ሲስል ትንፋሹን ይይዛል። ሁለት የጣት አንጓ በማይሞላ የአሻንጉሊት ወታደር ፊት ላይ ዓይን ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም፤ እጅ ትንሽ ካመለጠ ጀግናው ሰካራም ይመስላል። ትንፋሽ መያዝን ያስተማሩት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የነበሩት አባቱ ኪዳነወልድ ናቸው፤ ሲሳሳት በብሩሹ እጀታ ጣቱን እየቆረቆሙ። እሱ ግን ከቅዱሳን ይልቅ እንጀራውን ያገኘው በሶዶ ከተማ የሱቅና የመኪና ጽሑፍ በመጻፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ከወዳጁ ከጡረተኛው መምህር ከሶርሳ ጋር ጦርነት ይገጥማል።

የጦርነቱ ነገር እንዲህ ነው። የሶርሳን ጓሮ ቤት ተከራይቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ካርቶን ሙሉ ትንንሽ የቅኝ ግዛት ዘመን የጨዋታ ወታደሮች፣ እየተወረወረ ዕጣ ከሚያወጣው ዳይሳቸውና ከርቀት መለኪያቸው ጋር፣ ትቶለት ሄደ። የእንግሊዝና የጣሊያን ወታደር ለሁለት የሶዶ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ባርኔጣቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ በስቱኮ ጋሻና ጎፈር ጨመሩላቸው፣ አዲስ ቀለም አለበሷቸውና የራሳቸውን ጦርነት አደረጉት፦ በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ላይ የተዘመተውን። የተጋደመ አሮጌ በር ሜዳ ሆነ፤ ካርቶን ተጣጥፎ ዳሞታ ተራራ ሆነ።

የዓምደሚካኤል ቅድመ አያት በዚያ ዘመቻ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። የሶርሳ ቅድመ አያት ደግሞ በዚያው ዘመቻ ወላይታን ሲከላከል የወደቀ ነው። ሁለቱም ያውቁታል፤ አያነሡትም። ሶርሳ በዳይስ ሲቀናው «ዛሬ ታሪክ ተሳሳተ» ይላል፣ ተሳስቀው ያልፉታል። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፦ እያንዳንዱ የራሱን ሰዎች ይቀባል፤ በሌላው ሰዎች ላይ ብሩሽ አያሳርፍም። የሶርሳ አቀባብ ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ዓምደሚካኤል አንድም ቀን ላስተካክልልህ ብሎት አያውቅም።

ኋላ ሶርሳ ጉበቱን ታመመ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የመጨረሻ ሰውዬውን በስቱኮ ሠርቶ ጨርሶ ነበር፤ ቀለም ብቻ ቀረው። ይኼኛው እንደሌሎቹ አይደለም። ቅድመ አያቱ በግራ እጁ ጦር ይወረውር ነበር ተብሎ በቤታቸው ይወራ ስለነበር፣ ጦሩን በግራ እጁ አስይዞ የሠራው እሱን ነው። ዱቦ ሆስፒታል ሲተኛ ወታደሩን በመሀረብ ጠቅልሎ ለዓምደሚካኤል ሰጠው። «ሕጉን ላንዴ እናፍርሰው» አለው። «አንተ ቀባልኝ። ሳልሞት ፊቱን ልየው።»

ዓምደሚካኤል እንደዚያ ተጨንቆ የሠራው ሥራ የለም። የወላይታ ልብሱን፣ የዱንጉዛውን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር በሦስት ፀጉር ብሩሽ አንድ በአንድ አሰመረ። የእግሩን አቧራ ሳይቀር ቀባ። ፊቱ ብቻ ሲቀረው የሶርሳ ልጅ ሃይሚ ደወለችና አባቷ እየደከመ መሆኑን፣ ቶሎ ቢመጣ እንደሚሻል ነገረችው። ቁጭ አለ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ዓይኑን ሳለ። ቀለሙ ሳይደርቅ እፍ እያለበት ሚኒባስ ተሳፈረ፤ መንገዱን ሙሉ እየሰረቀ ሲያየው ደስ ይለው ነበር።

ሶርሳ መነጽሩን አስደረገና ወታደሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ዱንጉዛውን አይቶ ፈገግ አለ። ግራ እጁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ፊቱን አየና ፈገግታው ቀስ እያለ ከሰመ።

«ሌላው ዓይኑስ?» አለ።

ዓምደሚካኤል ጎንበስ ብሎ አየ። ወታደሩ አንድ ዓይን ብቻ ነበረው። ጥርት ያለ፣ ያማረ፣ አንድ ዓይን። ሌላው ጎኑ ባዶ ቆዳ ነው። ወደ ጎን ስለሚያይ ነው ብሎ ሊዋሽ ጀመረና አፉ ላይ ቀረ፤ ሶርሳ ነገሩን ያውቀዋልና። አንድ የጥምቀት ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እያሳየ፣ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ከሓዲና የጌታ ጠላት ግን በጎን አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል፣ አባቴ ጣቴን የቆረቆሙኝ ጌታን ለሚሰቅል ወታደር ሁለት ዓይን ስላደረግሁለት ነው ብሎ እየሳቀ ያጫወተው ራሱ ዓምደሚካኤል ነው። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ከወዳጅ ማዕድ ሲያሰርቅ ግን እንዴት እንደሚያሳፍር ተረቱ አይናገርም።

«እጄ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለ ዓምደሚካኤል።

ሶርሳ ወታደሩን አገላብጦ አየው። «እጅ ልብ ያላለውን ከየት ያመጣል?» አለ በመጨረሻ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ሠላሳ ዓመት በር ላይ ተጋጥመናል። ፊት ለፊት ነው የምንተያየው እል ነበር።»

ዓምደሚካኤል ወታደሩን ስጠኝና አሁኑኑ ወስጄ ላስተካክለው ብሎ ለመነ። ሶርሳ ግን ወታደሩን ጨብጦ አልሰጥም አለ፤ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ እንጃ። ዓምደሚካኤልም ነገ ብሩሽ ይዤ እመጣለሁ ብሎት ወጣ።

በነጋታው አልሄደም። ብሩሹንም ቀለሙንም አዘጋጅቶ መናኸሪያ ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ ያን ፊት ለማየት ወኔ አጣ። ነገ ይሻለኛል አለ። ሐፍረት እንደዚህ ነው፣ ሰው ያለው ጊዜ የማያልቅ ይመስለዋል። ማምሻውን ሃይሚ ደወለች፤ ድምፅዋን ሲሰማ ሳትነግረው ገባው።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ በኮቱ ኪስ ብሩሽ ይዞ ተቀመጠ። ያቺን አንዲት ነጥብ ሳያስቀምጥ ወዳጁን አፈር ማልበስ አልሆንልህ አለው። ሰው ቀለል ሲል ሃይሚን ጠጋ ብሎ ስለ ወታደሩ ጠየቃት። እሷም ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠችው።

«እርስዎ ከሄዱ በኋላ እስክሪብቶ ስጪኝ አለኝ» አለች። «ልያዝልህ ስለው እምቢ አለ። ራሱ ነው የሞከረው።»

በአንዱ ጎን የዓምደሚካኤል ዓይን ጥርት ብሎ ያያል። በሌላው ጎን ሰማያዊ ቀለም ከቅንድቡ ተነሥቶ፣ ጉንጩን ቆርጦ፣ አገጩ ድረስ ተንሸራቷል። በአንድ ቦታ ደጋግሞ ተጭኖት ስቱኮው ተቦርብሯል። ዓይን ግን አልሆነም።

«ቢያስተካክሉትስ? አብሮት እንዲገባ ነው የምፈልገው» አለችው።

ብሩሹን አወጣ። ትንፋሹን ሊይዝ ሞከረ፤ አልያዝ አለው። ቢይዝለትም እጁን ከእንግዲህ አያምነውም። ብሩሹን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ይኼኛውን ዓይን የሳለው እሱ ነው» አላት። «የሱን እኔ አልነካም።»

ሃይሚ ወታደሩን ተቀብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጠረችው፤ ወደ ሬሳው ሣጥንም ብቻዋን ሄደች።